የጭቃው ቤት ብርድ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ነባር ቤት ኃይል ቆጣቢ ሆኖ የታደሰበት ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

ጎጃም ውስጥ ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉ ከተሞች አንድ ዓይነት ቤት በብዛት አለ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ማድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ለብቻው ይቆማል። ባለቤቱ ትንሽ ገንዘብ ሲቋጥር መጀመሪያ የሚያስበው አፍርሶ በብሎኬት መሥራትን ነው። ገንዘቡ ካልበቃው ደግሞ ግድግዳውን በሲሚንቶ ያስለስናል። ሁለቱም ቤቱን ያሳምሩታል። ብርዱን ግን አያስቀሩትም፤ የመብራት ወጪውንም አይቀንሱም።

የዚህ ጽሑፍ ቤት ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤቱ አልፈረሰም፤ በሌላ ቅደም ተከተል ታደሰ እንጂ። እኔ በግንባታ ሥራ የምተዳደር የሰፈሩ ሰው ነኝ፤ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬ ተከታትያለሁ። የቤተሰቡን ማንነት የሚገልጽ ነገር አላነሳም። ጉዳዩ እንዲጻፍ ግን ፈቅደዋል። በተለይ የከሰሉ ነገር ለሌላው እንዲደርስ የቤቱ እመቤት አጥብቀው ጠይቀውኛል።

ቤቱና ቤተሰቡ

ባልና ሚስቱ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ባልየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሚስታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። ከአንድ የልጅ ልጅና ከምትረዳቸው ዘመድ ጋር ይኖራሉ።

ቤቱን ያሠሩት የጋሼ አባት ናቸው። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤትና ጓዳ አለው። ምሰሶውና ማገሩ እንጨት ነው። የግድግዳው ውፍረት ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያንሳል፤ በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። ጣሪያው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ኮልሞው (የጣሪያው አናት መክደኛ) ላይ ሚስማሮቹ ላልተዋል። ኮርኒሱ እርስ በርሱ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ከተወሰኑ ዓመታት በፊት የዶሮ ሽቦ ተወጥሮበት በሲሚንቶ ተለስኗል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዷ ሁለት መልክ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ስለማይገለጥ ቀኑን ሙሉ ይቀዘቅዛል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል አጥንት ድረስ ይገባል። ቤት ለማደስ የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በክረምት ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። በበጋ ዋናው ጠላት በሌሊት በጣሪያ በኩል የሚያመልጠው ሙቀት ነው።

ችግሩ

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሴት ልጃቸው ወልዳ እናቷ ቤት አራስ ሆና ተኛች። የአራስ ክፍል መሞቅ አለበት። በየማታው ከሰል ውጭ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ሁላችንም ያደግንበት ልማድ ነው።

አንድ ማታ ብርዱ ስለጠና በሩ ሥር ጨርቅ ተወተፈ። ሌሊት ላይ አራሷ ከባድ ራስ ምታት ይዟት ነቃች፤ ልትነሳ ስትል ወደቀች። የመውደቋን ድምፅ ሰምተው እትዬ ደረሱ፤ በሩንና መስኮቱን በረገዱት። እናትና ልጅ ሆስፒታል ደርሰው ተረፉ።

ብዙ ሰው ከሰል ጭሱ ካለቀ አይጎዳም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ሰው ይገድላል። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይንም አያቃጥልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊያልፍ ይችላል። ጨቅላና ነፍሰ ጡር ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳሉ።

ከዚያ በኋላ ከሰል ቤት እንዳይገባ ተወሰነ። አዲስ አበባ ያለው ወንድ ልጃቸው ባለ 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላከ። አሳቡ መልካም ነበር። በወሩ መጨረሻ ግን የካርድ ቆጣሪው ገንዘብ እንደ ውኃ ይፈስ ጀመር። ከ2017 መግቢያ ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ታሪፉ በፍጆታ መጠን የተከፋፈለ ስለሆነ ብዙ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋም ከፍ ይላል። የጡረታ ደመወዝ ይህን አይችልም።

ሌላም አደጋ መጣ። አንድ ቀን ምጣዱና ማሞቂያው አብረው ሲሠሩ የጓዳው ሶኬት ቀልጦ ሸተተ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ማሞቂያው 9 ይጨምራል። 25 አምፔር በዚያ ዕድሜ ጠገብ ቀጭን ሽቦ ላይ መጫን እሳት መጥራት ነው። ጋሼ ያን ቀን መጥተው ቤቱን አይልኝ አሉ። አሳባቸው የኋላውን ክፍል አፍርሰው በብሎኬት መሥራት ነበር።

መጀመሪያ የተሠራው፦ ቆጠራ

ከመፍረሱ በፊት ኃይሉ የት እንደሚሄድ እንቁጠር አልኩ። ወረቀት ላይ አሰፈርነው። ማሞቂያው በቀን 4 ሰዓት ይበራል፤ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ምጣዱ በየሁለት ቀኑ ለ2 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ወደ 105 ይሆናል። ባለ 60 ዋት 6 አምፖል ነበር፤ በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 54 ይሆናሉ። የመታጠቢያው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ቀንና ሌሊት እንደተሰካ ይኖራል። አንድ ጊዜ ሙሉውን በ40 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ማንም ሳይታጠብ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና ይሞቃል። ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን የቀረውን ይወስዳሉ።

ጋሼ ወረቀቱን አንብበው ዝም አሉ። ትልቁ ቁጥር የማሞቂያው ነበር። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይህ ሁሉ ሙቀት በየት በኩል ይወጣል የሚለው ነው።

መልሱን እትዬ ያውቁት ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እጃቸውን የጎን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይኼ እስካሁን ለብ እንዳለ ነው። ብርዱ የሚወርደው ከላይ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። የጭቃ ግድግዳ የቀን ሙቀትን ይዞ ማታ ቀስ ብሎ ይለቃል። ባዶ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት ሙቀት በመከላከል ከዚህ አይሻልም። ቆርቆሮ ግን ምንም አይዝም። ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየሰጠ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ጎህ ሲቀድ ከሥሩ ጤዛ የሚያንጠባጥበው።

የአየር ክፍተቱን ለማግኘት ዕጣን ተጠቀምን። ለቡና በተጫረው ፍም ላይ ዕጣን ጨምረው እትዬ ማጨሻውን ይዘው በበሩ መቃን ዙሪያ፣ በመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ጠርዝ ቀስ ብለው አዞሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ በወጣበት ቦታ አለፍነው። በተጣመመበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረግን። የኋላው በር ሥር ጭሱ ተኝቶ ወለል ለወለል ሮጠ። ጋሼ ይህን ሲያዩ የኋላውን ክፍል የማፍረሱን ነገር ተዉት።

ውኃን ማራቅ

የኃይል ቁጠባ ሥራው የተጀመረው በውኃ ነው። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ይመስላል። እርጥብ ግድግዳ ግን ሙቀትን ከደረቁ ይበልጥ ያሳልፋል፤ ሲደርቅም ከክፍሉ ሙቀት ይወስዳል። በርጥብ ቤት ላይ የሚወጣ የማሞቂያ ገንዘብ ውኃ ለማትነን ይውላል።

የፊት ለፊቱን የሲሚንቶ ልስን ከሥር በኩል ስንፈነቅለው ጀርባው ያለው ጭቃ በእጅ የሚጨመቅ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ምሰሶዎች ከሥራቸው በስብሰዋል፤ አንዱን ምስጥ ጀምሮታል። ሲሚንቶ ጭቃው የሳበውን እርጥበት ወደ ውጭ እንዲተነፍስ አያደርገውም። አሸንዳም ስላልነበረ ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብ መሬት ነጥሮ ግድግዳውን ይመታው ነበር።

ሥራው በሚያዝያና በግንቦት ተሠራ፤ ክረምት ሳይገባ ማለት ነው። የላሉ ሚስማሮች ከነጎማቸው ተቀየሩ። ኮልሞው ታደሰ። አሸንዳ ተገጠመ፤ ውኃው ወደ በርሜል እንዲወርድ ተደረገ። በግድግዳው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ ጠጠር ተሞላ። የበሰበሱት ምሰሶዎች በድንጋይ መሠረት ላይ ቆመው ተተኩ።

ጭቃው የተመረገው ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ነው። የሰፈሩ ጭቃ ሠሪ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ፣ እየረገጠ እየገለበጠ ከሳምንት በላይ አሳደረው። የሚቸኩል ሰው ጭቃውን ባቦካበት ቀን ይመርጋል፤ ከዚያ ግድግዳው ሲሰነጣጠቅ ጭቃን ያማል። ያደረ ጭቃ ጭዱ ስለሚለሰልስና ስለሚያጣብቅ ስንጥቁ ይቀንሳል። ሁለተኛው ልስን ስስ ሆኖ እበት ተቀላቀለበት፤ በላዩ ኖራ ተቀባ። ኖራ እንደ ዘይት ቀለም ግድግዳውን አያፍነውም።

ጣሪያው

ገንዘቡ በብዛት የወጣው እዚህ ነው። መውጣትም የነበረበት እዚህ ነው።

ሙቀቱ በላይ በኩል እንዳያመልጥ አራት አማራጭ ታየ። አንደኛው ጭድ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ይይዛል። ነገር ግን የአይጥ ቤት ይሆናል። ከሁሉ በላይ ነባር የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ኮርኒስ ላይ ደረቅ ጭድ ማፍሰስ አስፈራን። ሁለተኛው ፎም ነው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ስለሆነ ተተወ። ሦስተኛው ቺፑድ ብቻ መምታት ነበር። ከጆንያ ይሻላል፤ ስስ ስለሆነ ግን ብቻውን ብዙ አይረዳም። አራተኛው ቺፑድ መትቶ ከላዩ ግላስ ዉል፣ ማለትም ከቀጫጭን የመስታወት ክሮች የተሠራ እንደ ጥጥ ያለ ንጣፍ፣ ማንጠፍ ነው። ግላስ ዉል አይነድም፣ አይጥም አይበላውም። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግላስ ዉል ሙቀት በመከላከል ከግማሽ ሜትር በላይ ከሚወፍር የጭቃ ግድግዳ ይበልጣል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ መጀመሪያ አላመኑኝም። ምስጢሩ በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው።

ዕቃው ደብረ ማርቆስ ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአባይ በረሃን ማቋረጥ ይጠይቃል። መንገዱ ሲዘጋ መጠበቅ፣ ሲከፈት መጫን ነው። ሥራው በዚህ ምክንያት ዘገየ።

ለቤቱ ሁሉ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ መኝታ ቤቶችና ሳሎኑ ብቻ ተሸፈኑ። ጓዳው ቺፑድ ብቻ ተመታለት። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። ሰው የሚያድርበትን ክፍል በደንብ መሥራት ቤቱን ሁሉ በግማሽ ከመሥራት ይበልጣል።

የፕላስቲኩ አቀማመጥ እዚህ ላይ መነገር አለበት። ቤተሰቡ ከዓመታት በፊት ጠብታውን ለማስቆም ከቆርቆሮው ሥር ፕላስቲክ አስወጥረው ነበር። ጤዛው ፕላስቲኩ ላይ እየተጠራቀመ ሆድ ያወጣና አልጋ ላይ ይዘረገፍ ነበር። ከሰው ትንፋሽ፣ ከምግብና ከታጠበ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ፕላስቲኩ መቀመጥ ያለበት ከግላስ ዉሉ በታች፣ ሞቃቱ ክፍል ባለበት በኩል ነው። ከላይ በኩል፣ በግላስ ዉሉና በቆርቆሮው መካከል፣ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። የጣሪያው ጠርዝ በወንፊት ሽቦ ብቻ ተሸፈነ፤ አየር ይገባል፣ ወፍና አይጥ አይገባም።

አናጢው ይህን ሲሰማ፣ «ታዲያ ላዩ ክፍት ከሆነ ብርዱ አይገባም?» ብሎ ጠየቀ። ብርዱ ቆርቆሮና ግላስ ዉል መካከል ይግባ፤ እዚያ የሚያድር ሰው የለም። እርጥበቱን ይዞ ይውጣ እንጂ።

ክፍተት መድፈንና የከሰሉ ጉዳይ

በጠመኔ ምልክት ያደረግንባቸው ቦታዎች በርካሽ ተደፈኑ። የበሩና የመስኮቱ መቃን ዙሪያ በጭቃና በጀሶ ተሞላ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቀጭን ቁራጭ ተቆርጦ የበሩ መዝጊያ በሚያርፍበት ላይ በሚስማር ተመታ። ከኋላው በር ሥር ጣውላ ተጨመረ። ለመስኮቶቹ ወፍራም መጋረጃ ተሰፋ።

ይህ ሥራ ግን ከከሰል ጋር አብሮ አይሄድም። ነባር ቤት በየስንጥቁ አየር ስለሚያስገባ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ከሞት ተርፏል። ቤቱን ካጠበቅነው በኋላ ማንደጃ ቢገባ አደጋው ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ከመድፈናችን በፊት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ተነጋገረ። ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም፤ ለቡናም ቢሆን። ቡናው በረንዳ ላይ እንዲፈላ ተወሰነ፤ በክረምት የሚፈላበት ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ተሠራ። እንግዳ ሲመጣ ደንቡ እንዳይላላ እትዬ ራሳቸው ጠባቂ ሆኑ።

ማንደጃ ማስገባት የማይቀርለት ቤት ካለ ክፍተቱን አለመድፈን ይሻለዋል። ይህን የምለው ብርዱን አቅልዬ አይደለም። በሁለቱም መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ ትንንሽ የአየር መውጫዎችንም ሆን ብለን አልነካናቸውም። የሚተነፍስ ሰው ያለበት ቤት አየር መቀየር አለበት።

ፀሐይ

ከቤቱ በደቡብ በኩል እንጨት የሚከማችበት የቆርቆሮ ጥግ ተለጥፎ ነበር። የመኝታ ቤቱን መስኮት ሙሉ በሙሉ ጋርዶታል። በበጋ ወራት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በብርዱ ጊዜ ፀሐይ የሚያገኘው የደቡብ መስኮት ነው ማለት ነው። ጥጉ ፈርሶ ወደ ጓሮ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጠዋት መጋረጃውን ይገልጣሉ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መስኮቱንም መጋረጃውንም ይዘጋሉ። የወጣው ገንዘብ የአንድ ሠራተኛ የቀን ሒሳብ ነው።

መስኮቱን ማስፋትም ታስቦ ነበር። ማገሩን መቁረጥ ግድግዳውን ስለሚያናጋው ቀረ።

ምጣድ፣ ድስትና ሙቅ ውኃ

ምጣዱ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር ተዘረጋለት። ይህ ቁጠባ ሳይሆን ደኅንነት ነው፤ ቢሆንም ከሁሉ ቀድሞ የተሠራ ነው። ሽቦው የተቀመጠበት ጀሶ ተሰነጣጥቆ ስለነበር የምጣድ ጠጋኝ አደሰው፤ ክዳኑም ጠርዙን በደንብ እንዲገጥም ተደረገ። ጋገራው በየሁለት ቀኑ መሆኑ ቀርቶ በየሦስት ቀኑ ሆነ። ምጣዱ እስኪግል የሚወስደው ኃይል ለአምስት እንጀራም ለሠላሳም ያው ነው። ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሆነ እንጀራው ለሦስት ቀን ሳይሻግት ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ በእንጨት መጋገር አይቀርም። ለዚያ ሦስት ጉልቻው ተነሥቶ «ምርጥ» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ተተከለ። እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨት ፍጆታውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል።

በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለዚህ ነው ንፍሮና ሥጋ በቀላሉ የማይበስለው። እሳት ማብዛት ውኃውን ያተንናል እንጂ ሙቀቱን ከዚያ አያሳልፈውም። ፕሬዠር ኩከር ግን እንፋሎቱን አፍኖ ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ልጃቸው በላከው ፕሬዠር ኩከር ባቄላው ከበፊቱ እጅግ ባነሰ ጊዜ ሲበስል እትዬ ከማንኛውም ሥራ ይልቅ በዚህ ተደሰቱ።

ቦይለሩ አሁን የሚሰካው ገላ ከመታጠባቸው ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ነው። አምፖሎቹ ሁሉ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሆኑ፤ የመብራቱ 54 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 8 ወረደ።

ያልሠራው

ማድ ቤቱ ጨለማ ስለነበር ከቆርቆሮው መካከል አንድ ብርሃን አስተላላፊ የፋይበር ቅጠል ገባ። ብርሃኑ ደስ ይላል። ግን ከቆርቆሮው ጋር ሞገዱ በትክክል ስላልገጠመ በሐምሌ አፈሰሰ። በሬንጅ ተደፈነ፤ እንደገና አፈሰሰ። በመጨረሻ ወጥቶ በምትኩ የጎን መስኮት ተከፈተ።

በጭድ የተሞላ ቅርጫት ውስጥ የፈላ ድስት አስቀምጦ ያለ እሳት ማብሰልም ተሞክሯል። ለሩዝ ሠራ፤ ሻይ የሚሆን ውኃም ትኩስ አድርጎ አቆየ። ለባቄላ ግን አልሆነም። ጥሬው እንደጠነከረ አደረ። ድስቱ ሲጀምር ሙቀቱ 92 ብቻ ነው፤ ከዚያም እየወረደ ይሄዳል።

የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ታይቶ ተተወ። በበጋ እጅግ ጥሩ ነው። ነገር ግን ነባሩ የጣሪያ እንጨት ውኃ የሞላ ታንከር የመሸከም አቅም አልነበረውም፤ ለብቻው ማቆሚያ ማሠራቱ ከበጀቱ በላይ ሆነ።

የፊት ለፊቱ ሲሚንቶም ሙሉ በሙሉ አልተነሣም። የላይኛው ክፍል ደርቆ ስለተገኘ፣ ጋሼም መልኩን ስለወደዱት ቀረ። ወደፊት ችግር ሊያመጣ ይችላል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

ውጤቱ

በ2018 ታኅሣሥ አንድ ማለዳ ውጭ 6 ዲግሪ በነበረበት ሰዓት መኝታ ቤቱ 14 ነበር። ሞቃት አይባልም፤ በብርድ ልብስ ግን በደንብ ያስተኛል። ከዚያ በፊት የተለካ ስለሌለ ማነጻጸሪያ የለኝም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠብታ ቆሟል። ማሞቂያው የሚበራው እንግዳ ሲያድር ወይም ሰው ሲታመም ብቻ ነው፤ ከወር ፍጆታው ትልቁ ድርሻ የወረደውም በዚህ ነው። በሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የነበረው ጩኸትም ቀንሷል፤ ይህን አስበንበት አልነበረም። ጋሼ ግን አሁን ዝናብ እየዘነበ ሬዲዮ መስማት መቻላቸውን ደጋግመው ያነሡታል።

አራሷ ከልጇ ጋር ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ተመሳሳይ ቤት ያለው ሰው መጀመሪያ የሽቦውን ደኅንነት ያስፈትሽ። ቀጥሎ ውኃውን ያርቅ፤ ግላስ ዉል በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቢነጠፍ ርሶ ዋጋውን ያጣል። ከዚያ ጣሪያውን ይሥራ። ክፍተት መድፈን የሚመጣው ከሰል ከቤት ከወጣ በኋላ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ማንም አይገልብጥ።

ገንዘብ በጣም ያጠረው ሰው ኤልኢዲ አምፖል፣ የካላማዳሪያ ቁራጭ፣ ወፍራም መጋረጃና የደቡብ መስኮትን መክፈት በቂ ጅማሬ ይሆኑታል። ማዳበሪያ ኮርኒስ ብቻ ያለው ደግሞ ግላስ ዉል እስኪገዛ ድረስ ከሥሩ ሁለተኛ የጨርቅ ኮርኒስ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎ ቢወጥር በመካከል የሚቆመው አየር የተወሰነ ይረዳዋል። ይህን ጎረቤታቸው በራሱ ቤት ሠርቶታል።

የጭቃ ግድግዳ ይፍረስ የሚል አናጢ ሲመጣ የትኛው ምሰሶ እንደበሰበሰ በእጁ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጋሼ ቤት ከነበሩት ምሰሶዎች ሁሉ የተቀየሩት ሁለት ናቸው። በሚመጣው ሚያዝያ የጓዳው ኮርኒስ ግላስ ዉል ይለብሳል፤ ገንዘቡን ከመብራት ከተረፈው እያስቀመጡለት ነው።